ጠበል የገባበት ካሴት

አከራዬ ወደ ክፍሌ ሲገቡ አንድ ነገር በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው፣ ከቅዳሴ መክፈልት ይዞ እንደሚመለስ ሰው በሁለት እጃቸው ደግፈውት ነበር። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡና ቀስ ብለው ገለጡት። የልጃቸው የቴሌቪዥን ጌም ካሴት ነው። ግራጫ፣ መዳፍ የሚያክል የድሮ ፕላስቲክ፤ ፊቱ ላይ ድልድይ የሚዘል ሰው ስዕል ተለጥፎበታል።

«አየሽው?» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ይኸው እየወጣ ነው።»

ገልብጠው አፉን አሳዩኝ። ማጫወቻው ውስጥ የሚሰኩት ቀጫጭን የመዳብ ጥርሶች ማብረቅ ሲገባቸው አረንጓዴ ለብሰዋል።

«ምኑ ነው የሚወጣው እትዬ?»

«ያ ነዋ! ልጀን የያዘው። ጠበሉ አቃጠለው፤ መጠጊያ ሲያጣ በዚህ በኩል ወጣ።»

የምሠራው ኮሌጅ ውስጥ፣ የኤሌክትሮኒክስ ቤተ ሙከራ ነው። ያ አረንጓዴ ነገር ምን እንደሆነ ለማወቅ ማሰብ አያስፈልገኝም። እርጥብ መዳብ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት እንደዚያ ይዝጋል። ግን ደግሞ እኔም የምጠመቅ፣ ጠበል ያዳነውን ሰው በዓይኔ ያየሁ ነኝ። ስለዚህ ዝገት ነው አላልኳቸውም።

ከድሬዳዋ ወደ ባሕር ዳር ያመጣኝ ሥራ ነው። ሹም አቦ ሰፈር፣ ከእትዬ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ፤ ከእነሱ ሳሎን የሚለየኝ ቀጭን የጭቃ ግድግዳ ነው። ልጃቸው ሠላሳን ያለፈ፣ ጎንበስ ካላለ በሩ የማያስገባው ሰው ነው። ብዙ አይናገርም። ሌላ ሰው ያለውን ቃል ያነሳና አንዳንዴ ቀኑን ሙሉ እሱኑ ይዞ ይውላል። ሐኪም ቤት ለሁኔታው ስም ሰጥተውት ነበር፤ እትዬ ስሙን አልያዙትም። ሰፈሩ ግን የራሱ ስም አለው፤ «መንፈስ ነው» ይላል።

ጌሙን ገና ትንሽ ልጅ ሳለ አባቱ ናቸው የገዙለት። አባቱ አልፈዋል። ካሴቶቹ ብዙ ነበሩ፣ እሱ ግን የሚጫወተው ያንን አንዱን ብቻ ነው። ሁልጊዜ ቀትር ላይ ቴሌቪዥኑ ፊት ይቀመጣል፤ ስዕሉን በአውራ ጣቱ ደጋግሞ ያሻሽና ይሰካዋል። በግድግዳው በኩል የምትጮህ ቀጭን ሙዚቃ ትመጣለች። የሚዘለው ሰውዬ ድልድዩ ጋ ሲደርስ ይወድቃል። ሁልጊዜ እዚያው ነው የሚወድቀው። ከዚያ ያጠፋዋል፤ እጁን ይታጠባል፤ ምሳውን ይበላል። ያ ሳይሆን ምሳ የለም። እራትም የለም።

ካሴቱን ከማሳየታቸው ጥቂት ቀናት በፊት እትዬ ልጃቸውን ይዘው ለጠበል በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻግረው ነበር። ሥራ ላይ ስለነበርኩ አብሬያቸው አልሄድኩም፤ የሆነውን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ልጁ ጀልባ ይፈራል። ካሴቱን ደረቱ ላይ ካልያዘ አልሳፈርም አለ፤ ያዘ። አጥማቂው ጠበሉን ሲያፈሱበትም ከሸሚዙ ሥር በሁለት እጁ አጥብቆ እንደያዘው ነበር። የሚያስጥለውም አልነበረም። ቤት ሲመለሱ እንደ ልማዱ ሄዶ ሰካው። ቴሌቪዥኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ። አወጣው፣ እፍ አለበት፣ ሰካው። ደግሞ አወጣው።

ጠበል የተጠመቀ ሰው ገላውን በፎጣ አይጠርግም፤ ሳሙናም ቶሎ አያስነካም። ውሃው በራሱ ጊዜ ከሰውነት ጋር ይስማማል እንጂ አይታበስም። እትዬ ለልጃቸው ያደረጉትን ለካሴቱም አደረጉለት። ጠበሉ እንዳይባክን እርጥቡን በፌስታል ቋጠሩና ከሥዕለ አድኅኖው ሥር አኖሩት። እንግዲህ እዚያ ሆኖ ነው አረንጓዴ ያበቀለው።

«እሱስ? በላ?» አልኳቸው።

«ትናንት ወተት ቀመሰ።»

«ቀመሰ ነው ወይስ ጠጣ?»

ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ከንፈሩን ነካ አደረገው። ስኳር ውሃ ግን ይወስዳል፤ እሱስ ይወስዳል።»

«እትዬ፣ ካሴቱ ውስጡ ውሃ ይዟል። ይክፈቱልኝ አልልዎትም፣ እኔ እከፍተዋለሁ። ከፍቼ ጥርሱን ብጠርገው ሊሠራ ይችላል። ከሠራ ይበላል።»

«ጠበሉን ልትጠርጊው?»

«ዝገቱን።»

«ዝገቱ ከጠበሉ አይደለም የመጣ?»

ካሴቱን መልሰው ጠቀለሉና፣ «አንቺየ፣ እየወጣ ያለን ነገር መልሰሽ እንዳታስገቢብኝ» ብለውኝ ወጡ።

በነጋታው ድሬዳዋ ላሉት የንስሐ አባቴ ደወልኩ። ከቤቴ ከራቅሁ ወዲህ ኑዛዜዬም ምክሬም በስልክ ሆኗል፤ መስመሩ ሲቆራረጥ ኃጢአቴን ጮክ ብዬ መድገም አለብኝ። ነገሩን ከመነሻው ነገርኳቸው።

«ቆይ ቆይ» አሉኝ። «የተጠመቀው ሰውየው ነው ካሴቱ?»

«ሰውየው ነው አባ፤ ካሴቱ አብሮ ገብቶ ነው።»

«እንግዲያው ሰውየውን አትጥረጊው። ካሴት ክርስትና አልተነሣም።» ሳቁ፤ ከዚያ ሳቃቸውን ዋጡት። «ልጄ፣ ጾም እንኳ የታመመን አያስገድድም። የተራበ ሰው ይብላ። እናትየዋን ግን በግድ እንዳታደርጊው። የእሷ ልብ ካልፈቀደ እጅሽን ሰብስቢ።»

ይህን ለእትዬ ስነግራቸው ቧንቧ ጋ ጀሪካን እየሞሉ ነበር። ቀና ሳይሉ፣ «የድሬ ቄስ የጣናን ጠበል ምን ያውቃል? እናንተ አገር ውሃስ አለ?» አሉኝ።

«አሸዋ ነው ያለን እትዬ» አልኩ። ፈገግ አሉ፤ ግን እሺ አላሉም።

እሺ ያሰኛቸው የእኔ ምክርም የንስሐ አባቴ ቃልም አይደለም። ቅዳሜ ጠዋት ልጁ ፊቱን ሊታጠብ ወጣ፣ ቧንቧው ጋ ሳይደርስ ጉልበቱ ከዳውና ግድግዳውን ተደግፎ ተንሸራተተ። ያን የሚያክል ሰው እኔና እትዬ በሁለት በኩል ደግፈን ስናነሳው ቀሎ አገኘነው። ክንዱ በእጄ ውስጥ እንደ ሸምበቆ ነው የተሰማኝ። አልጋው ላይ አስተኝተነው እንደወጣን እትዬ ደጃፌ ላይ ቆሙ።

«ክፈችው» አሉኝ። «ግን አንዲት ጠብታ መሬት አትወድቅም። የጠረግሽበት ጥጥ ቆሻሻ ውስጥ አይጣልም። ሁሉንም እኔ በነጭ ጨርቅ እቀበላለሁ፤ እግር የማይረግጠው ቦታ አኖረዋለሁ።»

«እሺ እትዬ። እንደዚያ ይሁን።»

እንዲህ ያለ ካሴት ስከፍት የመጀመሪያዬ አልነበረም። ልጅነቴን ያሳለፍኩት ከጅቡቲ የሚመጣ ዕቃ መጀመሪያ የሚራገፍበት ከተማ ነው፤ ወንድሜ በጌም ያበደ፣ የተበላሸውንም የሚፈታ ነበር፤ ከጎኑ ቁጭ ብዬ ነው የተማርኩት። ነገር ግን የዚህኛው አከፋፈት ያስፈራል። ጀርባው ላይ ብሎን የለም። ጥፍሬን ስዕሉ ላይ ሳንሸራትት ታችኛው ጠርዝ አጠገብ ትንሽ ጎድጎድ ያለ ነገር ተሰማኝ፤ ብሎኑ ያለው ከስዕሉ ሥር ነው። ብዙ ሰው ስዕሉን በካቻቢቴ ይበሳና ይገላገላል። ይህን ስዕል ግን ያ ልጅ በአውራ ጣቱ እያሻሸ መሃሉን ነጭ አድርጎታል። ቀዳዳ ቢያገኝበት የእኔ ነው ብሎ አይቀበለውም። ያኔ ካሴቱ ቢሠራም ባይሠራም ለውጥ የለውም።

ስለዚህ ልጁ ከማይነካቸው ካሴቶች ተመሳሳዩን እትዬን ለመንኩና በእሱ ተለማመድኩ። የሱን ስዕል ያለ ርኅራኄ ላጥኩት። የብሎኑ ጭንቅላት የተለመደው ዓይነት አይደለም፤ ዙሪያውን ጥርስ ያለው ጉብታ ስለሆነ ካቻቢቴ አይገባበትም። ወንድሜ እንዳሳየኝ የእስክርቢቶ ቀፎ ጫፍ በላይተር አለሰለስኩና ጉብታው ላይ ጫንኩት። ሲቀዘቅዝ ቅርጹን ይዞ ቁልፍ ሆነ። ብሎኑ ወጣ። ከዚያ ሁለቱን ክዳኖች ለማላቀቅ ከጎን በኩል ስፈለቅቀው ቀጭ አለ።

«ሰበርሽው!» አሉ እትዬ ከኋላዬ።

«ይኼን የሰበርኩት ያንን እንዳልሰብር ነው እትዬ። ይኸው፣ የሚይዙት ከላይ ያሉ ሁለት መንጠቆዎች ናቸው። ከጎን መፈልቀቅ ሳይሆን ከታች ከፍ አድርጎ ወደ ላይ መግፋት ነው ያለብኝ።»

«ምን ያለ ትምህርት ነው እቴ! ሐኪሙ ሁሉ እንዲህ ነው የሚማር?»

«አዎ» አልኩ።

«እመቤቴ ትድረስልን።»

ልጁ ተኝቶ ሳለ ሥራውን እንድጨርስ ፈልገው ነበር። እኔ እንቢ አልኩ። የተነካ መሆኑን በጣቱ ማወቁ አይቀርም፤ ማን እንደነካው ሳያይ ቢቀር ደግሞ ይብስበታል። ሳሎኑ ውስጥ ትንሿን ጠረጴዛ መስኮቱ አጠገብ አደረግን። እትዬ ነጩን ጨርቅ አነጠፉ። ልጁ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ፤ ካሴቱን ሲያይ ቀማኝና ደረቱ ላይ ለጠፈው።

«አይ አይ አይ።»

«አንተው ያዘው» አልኩት። «ስዕሉን አንተ ያዝ። እኔ ታቹን ብቻ።»

«ታቹን ብቻ» አለ።

«አዎ፣ ታቹን ብቻ።»

ከዚያ ካሴቱን ጨርቁ ላይ አስቀመጠና አውራ ጣቱን ነጭ የሆነው የስዕሉ መሃል ላይ ጫነ። ጣቱን እንደማያነሳ ገባኝ፤ እኔም አንሳ አላልኩትም። ሙቅ ውሃ የሞላ የሻይ ብርጭቆ ታችኛው ጠርዝ ላይ አኖርኩ። ሙጫው እስኪለሰልስ ስንጠብቅ ሦስታችንም ብርጭቆውን እናያለን። ብርጭቆውን አንስቼ የስፌት ክር ከስዕሉ ጥግ ሥር አስገባሁና፣ ሁለቱን ጫፍ ይዤ እንደ መጋዝ ወዲያና ወዲህ ቀስ እያልኩ ሳብኩ። ወረቀቱ መነሳት ጀመረ። አንድ ቦታ ላይ ሲሳሳ፣ ነጭ ጭረት ሲያወጣ አየሁና ቆምኩ። በልቤ «አቤቱ» እያልኩ እንደገና አሞቅሁት። ብሎኑ ብቅ ሲል ወረቀቱ አልተቀደደም። የልጁ ጣት እዚያው ነው። «ታቹን ብቻ» ይላል በትንፋሹ።

ቁልፌን አስገብቼ ብሎኑን አወጣሁ። ከታች ከፍ፣ ወደ ላይ ገፋ። መንጠቆዎቹ ምንም ድምፅ ሳያሰሙ ለቀቁ። የኋላ ክዳኑን ሳነሳ አንዲት ጠብታ ወደ ጠርዙ ሮጠች፤ እትዬ በጨርቃቸው ጫፍ ተቀበሏት።

ውስጡ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ከዚያ ሁሉ ፕላስቲክ መሃል የክብሪት ቤት የምታክል አንዲት አረንጓዴ ቦርድ ብቻ።

«ይቺው ናት?» አሉ እትዬ። «ይህን ሁሉ ዘመን ያሰረችው ይቺው ናት?»

እኔ ቦርዷን አወጣሁና የቁስል አልኮል በነከርኩት ጥጥ ጥርሶቿን መጥረግ ጀመርኩ። ጥጡ አረንጓዴ ሆነ። ለእትዬ ሰጠኋቸው። ሌላ ጥጥ፤ እሱም አረንጓዴ። እያንዳንዱን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ጨርቁ ላይ ይደረድሩታል፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። የቀረውን በላጲስ አሸሁት። የላጲሱ ፍርፋሪ ሲወድቅ እንኳ ጣታቸውን ምራቅ አስነክተው እያነሱ አንድም አላስቀሩም። በዚያች ሰዓት ተሳስተዋል ለማለት አልደፈርኩም። አሁንም አልደፍርም። እኔ ዝገት እየጠረግሁ ነበር፤ እሳቸው የልጃቸውን መዳን እየለቀሙ ነበር፤ የሁለታችንም እጅ ያረፈው ግን አንድ ነገር ላይ ነው።

ጥርሶቹ መልካቸው ተመለሰ። ከአንዱ በቀር፤ እሱ ጠርዙ ላይ ተበልቶ አልቋል። ይኼ አስፈላጊው ይሁን አይሁን አላውቅም ነበር። ቦርዷን በደንብ አደረቅኋት፣ ክዳኑን ገጠምኩ፣ ብሎኑን መለስኩ፣ ስዕሉን አስተኛሁት። ልጁ ጣቱን አነሳና ስዕሉን ከላይ እስከ ታች ዳሰሰው። የተነሳውን ጥግ ሲያገኝ ቆመ። ጫን አደረገው። ደግሞ ጫን አደረገው።

ሰካው። ቴሌቪዥኑ ላይ ቀጥ ያሉ መስመሮች መጡና ቆሙ። ነቅሎ እንደገና ሰካው። ሙዚቃዋ ተነሳች፤ ከቀድሞው ትንሽ የጎረነነች መሰለኝ። ሰውዬው ሮጠ፣ ዘለለ፣ ድልድዩ ጋ ሲደርስ ወደቀ። ልጁ አጠፋው። እጁን ሊታጠብ ተነሳ።

እትዬ ቀድመው ያዘጋጁትን ሽሮ በለሰለሰ እንጀራ አቀረቡለት። በላ። ጎንበስ ብሎ፣ ቀና ሳይል፣ የሚጨመርለትን ሁሉ በላ። ቶሎ ቶሎ እንዳይውጥ ሳህኑን መልሼ መልሼ እስብበት ነበር። «ተመስገን» እያልኩ ዞር ብዬ እትዬን ሳይ በሩን ተደግፈው ያለቅሳሉ። የደስታ መስሎኝ ወደሳቸው ሄድኩ።

«አጠገቤ ይቀመጥ ነበር» አሉኝ።

«ማን እትዬ?»

«እሱ ነዋ። በእነዚህ ቀናት፣ ያ ነገር ሲበላሽበት። ጠዋት ይነሳና ይመጣል፤ ምድጃው ጋ አጠገቤ ቁጭ ይላል። ራሱን እዚህ ላይ ያደርገዋል።» ትከሻቸውን ነኩ። «ሐሙስ ዕለት ‹እማ› አለኝ። ከአፌ ተቀብሎ አይደለም፤ ማንም ሳይለው፣ ከራሱ። ከስንት ዘመን በኋላ! ዳነ ብየ ነበር እኮ። ለማንም ሳልናገር ዳነ ብየ ነበር።»

ርቦት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ደክሞት፣ ራሱን የሚያሳርፍበት አጥቶ ይሆናል። ወይም ደግሞ እሳቸው እንዳሉት ነው። የሚመዝነው መሣሪያ ቤተ ሙከራችን ውስጥ የለም።

«አለመክፈት ይሻል ነበር?» አልኳቸው።

«ይሙትብኝ ልበል?» ቆጣ አሉ። ወዲያው ለዘብ አሉና፣ «አይ ልጀ። ክፈችው ያልሁሽ እኔው ነኝ። አንቺ እጅሽ ይባረክ» አሉኝ። ግን ወደ እኔ ዞረው አላዩኝም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ያን ነጭ ጨርቅ ቋጥረው ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጀርባ ሄዱ፤ እኔም ተከተልኳቸው። አንድ ትልቅ ዋርካ ሥር፣ ሰው የማያልፍበት ቦታ፣ ድንጋይ አንስተው ጥጡን አኖሩና መልሰው ከደኑት። ጨርቁን ግን አልተዉትም፤ አጥፈው ብብታቸው ውስጥ ከተቱት። በሐይቁ ዳር ባለው መንገድ ስንመለስ ወዲያ ማዶ የዘጌ ደን ጠቆር ብሎ ይታያል፤ እሳቸው ወደዚያ አላዩም።

ካሴቱ እስካሁን ይሠራል። ስዕሉ ጥግ ላይ መነሳቱን ቀጥሏል፤ ልጁ አንዳንዴ ይዞልኝ ይመጣና ጥጉን እያሳየ «ታቹን ብቻ» ይለኛል፣ በትንሽ ሙጫ እመልስለታለሁ። ያ የተበላው ጥርስ ሲያልቅ ምን እንደምናደርግ አላውቅም። ጠዋት ኪዳን ሳደርስ የእናትና የልጁን ነገር አነሳለሁ፤ ካሴቱን አቆይልን ልበል ወይስ ውሰድልን፣ እዚያ ላይ ስደርስ አፌ ይያዛል። ስለ ራሴ ቤት፣ ስለ ራሴ እናት ስጸልይ እንዲህ ተይዤ አላውቅም።

ከሥራ ነጻ በሆንኩ ቀን ቀትር ላይ ሙዚቃዋ በግድግዳው በኩል ትመጣለች፤ ሰውዬው ሲወድቅ ትቋረጣለች፤ ውሃ ይንቆረቆራል። ትንሽ ቆይቶ እትዬ ከወዲያ ሆነው ግድግዳውን መታ መታ ያደርጉና፣ «በልቷል፣ አንቺየ!» ይሉኛል። ጆሮዬን አስጠግቼ ድምፃቸውን አዳምጣለሁ።

«ተመስገን እትዬ!» እላለሁ።

«ተመስገን» ይላሉ፣ ዘግየት ብለው።